«እርስዎ ነዎት?»

ለእታለም፣

ይህ ወረቀት እጅሽ ከገባ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ ራስ ምታት ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ዝናብ ሊመጣ ሲል ቀድሞ ይነግርሻል? እኛ ደህና ነን ብዬ ልጀምር አስቤ ነበር፤ ደብዳቤ እንዲያ ነው የሚጀመረው። ግን አንቺ ከልጅነቴ ጀምሮ ውሸቴን ከጆሮዬ ነው የምታነቢው፣ «ጆሮው ቀላ» ትይ ነበር፤ በወረቀትም አላመልጥሽም። በሕይወት አለን ብል ይሻላል። እማዬም አለች። ደህና መሆን አለመሆናችንን አንብበሽ ስትጨርሺ አንቺው ፍረጂ።

ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተጥዶ የሚውል ሰው ለምን በወረቀት ይጽፋል ብለሽ ትስቂ ይሆናል። ስልክሽ «ቁጥሩ አገልግሎት ላይ አይደለም» ማለት ከጀመረ ቆይቷል። ኢሜይልሽን አላውቀውም። ያለኝ አድራሻ በሄድሽ ዓመት የላክሽልኝ ካርድ ጀርባ ላይ ያለው ብቻ ነው። ቤት ቀይረሽ ከሆነ ይህም የማላውቀው ሰው በር ሥር ተጥሎ ይቀራል። ያም ሆኖ እጽፋለሁ፤ ሌላ ማድረግ የምችለው ነገር ስለጠፋኝ ነው።

ቤቱ እንደነበረ ነው። የኮሪደሩ አምፖል አሁንም አንዴ ይበራል፣ አንዴ ይጠፋል። የመግቢያው በር ዝናብ ሲመታው ያብጣል፤ በትከሻ ካልገፉት አይከፈትም። ያንቺ ክፍል ውስጥ እማዬ በዝናብ ቀን ልብስ ታሰጣለች፤ አልጋሽ ላይ ግን አንዲት ካልሲ እንኳ አትጥልም። እኔ ያው ዩኒቨርሲቲው አይ ቲ ክፍል ነኝ፤ አካውንቴ ተዘጋ፣ ፓስወርዴ ጠፋኝ የሚል ሁሉ የሚሰለፍበት መስኮት ኋላ እቀመጣለሁ። ተማሪዎቹ «አቶ አይከፈትም» የሚል ስም አውጥተውልኛል። እስካሁን አላገባሁም፤ እማዬ ምክንያቱ ስሙ ነው ትላለች።

ያለፈው ዓመት የማጥመጃ ኢሜይል ወረረን። «የኢሜይል ሣጥንዎ ሊዘጋ ነው፤ እዚህ ገብተው ፓስወርድዎን ያረጋግጡ» ይላል። ሲጫኑት የእኛኑ ገጽ የመሰለ፣ አርማው ሳይቀር የተቀዳ ገጽ ይከፈታል፤ እዚያ የተጻፈ ፓስወርድ በቀጥታ ሌባው እጅ ይገባል። ስልጠና ሰጠን፣ ማስታወቂያ ለጠፍን፣ ሰው ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ዶክተሩም ፕሮፌሰሩም መስኮቴ ላይ ይመጡና «እኔ እንኳ ምንም አልነካሁም» ይሉኛል። ከነካው ሰው ይልቅ ምንም ያልነካው ነው ሁልጊዜ የሚሰለፈው። በመጨረሻ፣ ሁሉን ነገር ሁለቴ የሚናገረው አለቃዬ «አንድ ቁልፍ አይበቃም፤ አይበቃም አንድ ቁልፍ» አለና ሁለተኛ ማረጋገጫ አስገባን።

ነገሩ ቀላል ነው፤ እንድትረጂልኝ የምፈልገውም ይህን ነውና ታግሠሽ አንብቢው። መጀመሪያ ፓስወርድሽን ትጽፊያለሽ። ስህተት ከሆነ እዚያው ይቀራል፣ ማንም አይሰማም። ልክ ከሆነ ብቻ ነው የአካውንቱ ባለቤት ስልክ ላይ ጥያቄ የሚመጣው። «አካውንትዎ ሊከፈት ነው። እርስዎ ነዎት?» ይላል፤ ከሥሩም ከየትኛው ከተማ እየተሞከረ እንደሆነ ያሳያል። ከዚያ ሁለት ምርጫ አለ፤ አንዱ «አዎ፣ እኔ ነኝ»፣ ሌላው «እኔ አይደለሁም»። አዎ ካልተባለ ሌባው ፓስወርዱን በቃሉ ቢያጠናውም ደጅ ቆሞ ይቀራል።

እንደ ሌሎቹ የዩኒቨርሲቲው ጸሐፊዎች ለእማዬም ስልኳ ላይ ሳስገባላት «ይኼ ደግሞ አንቱ ይለኛል፤ ካንተ ይሻላል» አለች። ጥቅሙን ሳስረዳት ግን ሳቋን ትታ፣ ይህን እኮ እኔ ድሮ አድርጌዋለሁ አለችኝ። እውነቷን ነው። ትዝ ይልሻል፣ ጎረቤታችን ቤት ሌባ «እኔ ነኝ» ብሎ አስከፍቶ የገባ ጊዜ? ከዚያ ወዲያ እማዬ «እኔ ነኝ ማንም ይላል» ብላ የበር ቃል ካልተናገርን አልከፍትም አለች። ቃሉን የመረጥሽው ታላቅ ስለሆንሽ አንቺ ነሽ። የዱባ ሙሽራ። እሷ ከውስጥ «ማነው?» ስትል እኛ ከደጅ ጮክ ብለን «የዱባ ሙሽራ» ማለት ነበረብን። እኔ አንድ ቀን ጓደኞቼ ፊት አልልም ብዬ ዝናብ ላይ ቀረሁ፤ አንቺ በመስኮት እያየሽኝ ትንከተከቺ ነበር። እማዬ ድምፄን እየሰማች አልከፈተችልኝም። ሕግ ሕግ ነው አለች።

የእማዬን አካውንት የከፈትሽላትም አንቺው ነሽ፤ ሁለተኛ ዓመት ሳለሽ፣ የትምህርት ክፍሉ ጸሐፊዎች ከታይፕ ወደ ኮምፒውተር የተዛወሩ ጊዜ። ፓስወርዷን በቤት ስምሽ «ድምቡሼ» አልሽው፤ ከኋላው የቤታችንን ቁጥር ጨምሪበት ብለሽ አስተማርሻት። ከዚያ መጽሐፍ ሳትመልሺ እየቆየሽ ላይብረሪው ያንቺን ሲዘጋብሽ፣ በእሷ አካውንት ትገቢና ስታነቢ ትውያለሽ። እማዬም ከሥራ ስትመለስ «ዛሬ ደግሞ በስሜ ምን ተማርኩ?» ትልሽ ነበር። ያን ፓስወርድ ስንት ጊዜ ቀይሪው ብያታለሁ። «ልጄን በምን ልቀይራት?» ትለኝና ወሬውን ታዞረዋለች።

እንዴት እንደተለያያችሁ ላስታውስሽ አይደለም። ለመመረቅ አንድ ዓመት ሲቀርሽ ትምህርቱን ትተሽ ሻንጣሽን ስታነሺ፣ እማዬ በሩ ላይ ያለችሽን እኔም ከኮሪደሩ ሰምቻለሁ። «ከዚህ ከወጣሽ ተመልሰሽ እንዳታንኳኪ» አለች። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እሷ በማግሥቱ ጸጽቷታል፤ አንቺ ግን በኩርፊያ እናትሽን ነው የወጣሽው፣ እንዳለችሽ አላንኳኳሽም።

አሁን ወደ ዘንድሮ ልምጣ። ሴሚስተሩ ሊያልቅ ሲል አንድ ቀን ጠዋት መስኮቴ ፊት ያለው ሰልፍ ደረጃውን አልፎ ግቢ ወጣ። ሁሉም የእማዬ ክፍል ተመራቂዎች ናቸው። «እማማ ማህተም ኢሜይል ልከውልን» ይላሉ፤ የክፍሉ ማህተም ከእጇ ስለማይለይ እንዲያ ነው የሚጠሯት። የመመረቂያ ስማችሁ እንዳይቀር ፓስወርዳችሁን አረጋግጡ የሚል መልእክት ከእሷ አካውንት ደርሷቸዋል። ሌላ ሰው ቢልክላቸው ይጠረጥሩ ነበር፤ እማማ ማህተምን ማን ይጠረጥራል? ስማቸውን በትክክል የምትጽፍላቸው፣ ክፍያ የዘገየበትን የምትለምንለት እሷ ናት። ሰጡ። ሁለተኛው ማረጋገጫ ገና ለተማሪ አልደረሰም ነበርና ሌባው ያለ ከልካይ ይገባባቸው ጀመር። እኛም ማስቆሚያ ሌላ ዘዴ ስላልነበረን የሁሉንም አካውንት ዘጋን። ያን ቀን ስሜን በደንብ አስከበርኩ።

ሌባው በእማዬ በኩል እንዴት እንዳለፈ ሊገባኝ አልቻለም። የእሷ ሁለተኛ ቁልፍ እኔው በእጄ ያስገባሁት ነው። ማን ከየት እንደገባ የሚያሳየውን ገጽ ስከፍት ነገሩ ተገለጠልኝ። ሰብሮ አላለፈም፤ ተከፍቶለት ነው። ጥያቄው ስልኳ ላይ መጥቷል፣ አዎ ተብሏል። በሌላ ቀንም መጥቷል፣ አዎ። የከተማውን ስም አነበብኩ። ያንቺ ከተማ ነው።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ለቅጽበት ልቤ ዘለለ። ከዚያ ሥራዬ ትዝ አለኝ። ሌባ የሚታይበት ቦታ አይቀመጥም፤ የትም ሆኖ በሰው ከተማ በኩል ዞሮ ይመጣል፤ ያንቺ ከተማ ደግሞ ትልልቅ ኮምፒውተሮች የተከማቹበት ስለሆነ ለዚህ የታወቀ ነው። የማጥመጃው ኢሜይልም ሣጥኗ ውስጥ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ከመጀመሪያው ጥያቄ በፊት ፓስወርዷን እዚያ ላይ ጽፋለታለች። ድምቡሼን በገዛ እጇ ሰጥታዋለች።

ቤት ስደርስ ሰሐን እያጠበች ነበር። ለምን አዎ እንዳለች ጠየቅኳት። እንደ መስኮቴ ሰዎች ምንም አልነካሁም ትለኛለች ብዬ ለመቆጣት ተዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን ሰሐኑን አስቀመጠች፣ እጇን በፎጣ አደራረቀች፣ አላየችኝም።

«የከተማውን ስም አየሁት። እሷ መሰለችኝ» አለች።

ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም። ወንበር ስቤ ቀስ እያልኩ አወጣጣኋት። የመጀመሪያው ጥያቄ ሲመጣ ቢሮዋ ተማሪ ቆሞ ነበር፤ ተማሪውን ትታ መነጽሯን ፈልጋ የከተማውን ስም ደጋግማ አነበበችው። በዚያ ከተማ ካንቺ ሌላ ማን አላት? ድምቡሼን ካንቺ ሌላ ማን ያውቃል? ኢሜይሉ ላይ የጻፈችውንማ ከዚህ ጋር ማን አያይዞት። እንደ ድሮው በእሷ ስም ገብተሽ ልታነቢ የፈለግሽ መሰላት። ያቋረጠችውን ልትጨርስ ነው ብላ አሰበች። ለእኔ ያልነገረችኝ፣ እኔ አይከፈትም ነኝና እዘጋዋለሁ ብላ ነው። ከዚያ ወዲያ ስልኩን ከእጇ አልለየችውም፤ ገላዋን ስትታጠብ እንኳ መታጠቢያ ቤት ይዛው ትገባ ነበር። እኔ ደግሞ ምን ሆና ነው እያልኩ፣ በስተርጅና ወዳጅ ያዝሽ ወይ ብዬ ስቄባት ነበር።

«አንዴ አታንኳኪ ብያታለሁ» አለችኝ። «ስታንኳኳ ደግሞ አይ ልበላት?»

አንጀቴን በላችው። ተነስቼ የቀረውን ሰሐን አጠብኩ።

ጉዳዩ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ሄደ። አለቃዬ ለብቻዬ ጠርቶ አስረዳኝ። ተታልዬ ነው ካለች በማስጠንቀቂያ ታልፋለች፣ ጡረታዋንም በክብር ትወጣለች፤ ማን ያልተታለለ አለ፣ ዲኑ ራሱ ተታሏል። ልጄ መስላኝ ከፈትኩላት ካለች ግን አካውንቷን እያወቀች ለሌላ ሰው አሳልፋ ሰጥታለች ማለት ነው፤ ያ ደግሞ ያስባርራል። «ተታልያለሁ ትበል፤ ትበል ተታልያለሁ» አለኝ። አንዲት ቃል ናት። ዕድሜ ልኳን የሠራችበት ቦታ በዚያች ቃል ላይ ተንጠለጠለ፤ ማህተሟን አስረክባ እንደ ሌባ በጥበቃ ታጅባ ልትወጣ ነው ወይስ ተሸኝታ።

እማዬ አሻፈረኝ አለች። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ አኮረፍኳት፤ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነብኝ። አልዋሽም ትላለች። እሷን አየሁ፣ ለእሷ ከፈትኩ፣ ይኸው ነው ትላለች። አንድ እሑድ ወረቀት አምጥቼ ሥዕል ሣልኩላት። ሌባውን እዚህ፣ ያንቺን ከተማ መሐል ላይ፣ እሷን እዚያ፤ መስመሩ እንዴት ባንቺ በኩል እንደሚያልፍ በቀስት አሳየኋት። ወረቀቱን አቅርባም አርቃም አየችው። ሌባውን በጣቷ ነካችው፤ ከዚያ ያንቺን ከተማ ነካችው።

«ታዲያ እሷ አልመጣችም ማለት ነው?» አለችኝ።

እታለም፣ እንጀራዬ ሰውን ማስጠንቀቅ ነው፤ ተጠራጠሩ፣ ሌባ ነው፣ አትክፈቱ እላለሁ። ለእናቴ ግን ሌባ ነው ባልኳት ቁጥር ልጅሽ አላንኳኳችም እያልኳት ነው። ከመባረር የማድናት ያላትን አንዲት ደስታ ነጥቄ ነው። መንጠቁን አልደፈርኩም፤ ዝም ብሎ ማየቱንም አልቻልኩም። ሥዕሉን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት፤ እስካሁን እዚያው ሱሪ ኪስ ውስጥ ይሆናል።

ኮሚቴው በተሰበሰበ ቀን እኔም እንደ ባለሙያ ተጠራሁ። ረጅም ጠረጴዛ ነው፤ ማንም የማይቀዳው የውሃ ጠርሙስ መሐሉ ላይ ተደርድሯል። የባለሙያ አስተያየቴን ስሰጥ እናቴን «ባለጉዳይዋ» እያልኩ ነው የተናገርኩት፣ ሌላ አጠራር አይፈቀድም። ከእሷ ፊት ለፊት አንዲት ተመራቂ ተቀምጣለች። ለትልቅ ትምህርት ውጭ አገር ተቀብለዋት ነበር፤ መምጣትሽን አረጋግጪ የሚለው ኢሜይል የደረሰው አካውንቷ በተዘጋበት ጊዜ ነው፣ ሲከፈትላት ቀኑ አልፏል። አልከሰሰችም፣ አልተሳደበችም። ለምን ፓስወርዷን እንደሰጠች ሲጠይቋት «እማማ ስላሉኝ ነው» ብቻ አለች።

ከዚያ ሰብሳቢው ወደ እማዬ ዞሮ ለምን እንደከፈተች ጠየቃት። እሷ ሰብሳቢውን አላየችውም። ልጅቷን ነበር የምታየው። አንቺ ሻንጣሽን ያነሳሽ ጊዜ የነበርሽበት ዕድሜ ላይ ናት። ያቺን ቃል ብትልም ባትልም የምጎዳው እኔ እንደሆንኩ አውቄዋለሁ።

«ተታልያለሁ» አለች እማዬ። «ሌባ ነው። ልጄ አልነበረችም።»

ስለ ልጅ የጠየቃት ሰው ስላልነበረ ሰብሳቢው ግር ብሎት ቀና አለ። ቃለ ጉባኤ ያዡም የመጀመሪያውን ብቻ ጻፈ። በማስጠንቀቂያ ታለፈች። ዩኒቨርሲቲው እንደ ልማዱ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነና በየግድግዳው አዲስ ማስታወቂያ ለጠፈ። ለልጅቷ የስህተቱን ምክንያት የሚያስረዳ ደብዳቤ ተቀብሏት ለነበረው የውጭ ዩኒቨርሲቲ ላክንላት፤ እስካሁን መልስ የለም። ስንወጣ እማዬ ደረጃው ላይ ክንዴን ይዛ ወረደች፤ ከዚያ በፊት ክንዴን ይዛ አታውቅም።

አዲስ ፓስወርድ ማውጣት ግዴታ ነበር። አጠገቧ ተቀመጥኩና የቤት ስም እንዳይሆን፣ ለማንም እንዳትነግሪ፣ ለእኔም ቢሆን አልኳት፤ ፊቴንም ወደ ግድግዳው አዞርኩላት። በአንድ ጣቷ እየፈለገች ስትጽፍ ሰማኋት። ከዚያ እንደ ተማሪ አስጠናኋት። አንቺ ራስሽ ካልከፈትሽው፣ ጥያቄው ከየትኛውም ከተማ ቢመጣ፣ ምን ትያለሽ? እኔ አይደለሁም እላለሁ አለች። ድገሚልኝ አልኳት። ደገመችልኝ። እንዲህ ያለ ታዛዥ ተማሪ በሥራ ዘመኔ አልገጠመኝም። ከዚያ ቀን በኋላ ስልኩን መታጠቢያ ቤት ይዛው አልገባችም፤ እንደ ማንኛውም ዕቃ የትም ትጥለዋለች፣ ሲጠፋት እኔ እደውልበትና እንፈልገዋለን።

የጻፍኩልሽ ግን ለዚህ አይደለም። ባለፈው ረቡዕ ምሳ በልቼ ስመለስ ጠረጴዛዬ ላይ ማስጠንቀቂያ ጠበቀኝ። አንድ ሰው «እኔ አይደለሁም» ሲል ወዲያው ለእኛ ይነግረናል፣ አካውንቱም ይቆለፋል። የእማዬ ነው። ከተማው ያንቺ ነው። ሙከራውን ከፍቼ አየሁት። መጀመሪያ ስህተት ተጽፏል። እንደገና ስህተት። ከዚያ ረጅም ዝምታ አለ፣ ሰው ከወንበሩ ተነስቶ በክፍሉ ውስጥ ተንጎራዶ የሚመለስበትን ያህል። ከዚያ ልክ ተጻፈ። የተሳሳቱት ቃላት ምን እንደነበሩ ማሽኑ አያስቀምጥም። የመጀመሪያው «ድምቡሼ» እንደነበረ ግን መማል እችላለሁ።

ቤት ስደርስ እማዬ ድንች እየላጠች ነበር። ከኮሚቴው ወዲህ ፊቷ እንዲያ ፈክቶ አላየሁም።

«ሌባህ ዛሬ መጥቶ ነበር» አለችኝ። «በዚያችው ከተማ በኩል። እኔ አይደለሁም አልኩታ። ኩም አደረግኩት።»

ጎበዝ አልኳት። ሌላ ምን ልበላት? አጠገቧ ቁጭ ብዬ አንድ ድንች አነሳሁና፣ እንደ ዋዛ፣ ፓስወርዱን ለሰው ነግረሽ ነበር ወይ አልኳት። ለማን እነግራለሁ ብላ ተቆጣችኝ። ወዲያው ደግሞ ቁጣዋን ረስታ እንደ ልጅ ሳቀችና፣ የዱባ ሙሽራ ነው ያልኩት፣ ከኋላው የቤቱን ቁጥር፣ ሌባ ይህን ከየት ያመጣዋል አለችኝ። ጥያቄው ስልክ ላይ የሚመጣው ፓስወርዱ ልክ ሲሆን ብቻ እንደሆነ መጀመሪያ ነግሬያት ነበር፤ ረስታዋለች። እንድታስታውሰው አላደረግኩም። ድንቹን ላጥኩት፤ ብዙውን ከልጣጩ ጋር ጣልኩትና ተቆጣችኝ።

ሁለተኛ ጊዜ ስለሆነ፣ እሷም ጡረታ መውጫዋ ስለደረሰ፣ አካውንቷ ለዘለቄታው ተዘጋ። አለቃዬን ለመንኩት፣ ጥቂት ቀን ብቻ ይቆይ አልኩት። ምክንያቱን ሲጠይቀኝ የምሰጠው ምክንያት አጣሁ። ሕግ ነው ብሎኛል፣ ሁለቴ። መዝጊያውን የተጫንኩት እኔ ነኝ፤ ሥራዬ ነው።

ለእማዬ ልንገራት ወይስ ልተው፣ ይኸው በሐሳብ እየዋለልኩ ነው። ብነግራት የመለሰችው ማንን እንደሆነ ታውቃለች፣ ከዚያ በኋላ እንዴት እንደምትኖር አላውቅም። ባልነግራት ደግሞ ስታየኝ በኩራት ነው የምታየኝ። ሌባ መመለሷን ለጎረቤቱ ሁሉ አውርታለች፤ ስታወራ አጠገቧ ቆሜ ራሴን እነቀንቃለሁ። ጆሮዬ ቀልቶ ይሆናል፤ እሷ ግን ጆሮ ማንበቡን አልተማረችም፣ ያ ያንቺ ነበር።

እንግዲህ በከተማሽ ያለውን ያን ሌባ አንድ ቀን ድንገት ብታገኚው፣ ሴትየዋ ያስጠኗትን ነው የመለሰችው በይልኝ። ያስጠናት ደግሞ ልጇ ነው። ምን ፈልጎ እንደመጣ አልጠይቀውም፤ ታሞ ይሁን፣ ከፍቶት ይሁን፣ ወይ በሰው ስም ትንሽ ማንበብ አምሮት ይሁን፣ አልጠይቀውም። እዚያ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ መልስ ሲጠብቅ ምን እንዳየ ግን አውቃለሁ። «አልተፈቀደም» ነው የሚለው፤ ጽሑፉን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

የኮምፒውተሩን በር ልከፍትልሽ አልችልም፤ እሱ የለም። የእንጨቱ ግን አለ። ዝናብ ሰንብቶብን አብጧል፤ እማዬ ከውስጥ ስትስበው ከውጭ በትከሻ የሚገፋ ሰው ይፈልጋል። ስልክ ላይ አይጠይቅም፣ ከየት ከተማ እንደመጡም አያሳይም። ሲንኳኳ እማዬ እንደ ድሮዋ ከወጥ ቤት «ማነው?» ትላለች። እኔ ነኝ እንዳትይ።

ፈጣሪ ከክፉ ይሰውርሽ፤ ያለሽበት ቤት ይሙቅልሽ፤ ራስ ምታቱንም ይማርልሽ፤ መንገድ ብትነሺ መንገዱን ያቅናልሽ።

ዝናብ ላይ የቀረው
ታናሽ ወንድምሽ